ካርዱ የጎደለ ጠመንጃ

ጠመንጃ ጠጋኙን ሞቶ ያገኘው ጎረቤቱ ቁልፍ ቀራጩ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ፣ እንደ ወትሮው ዘይት ሊዋስ ጎራ አለና ዘይቱን ትቶ እየጮኸ ወጣ። እኔና ሳጅኑ ስንደርስ ለተሰበሰበው ሰው ታሪኩን ለአራተኛ ጊዜ ይተርክ ነበር። በተረከ ቁጥር ትንሽ ስለሚያክልበት፣ ሌላ አምስት ደቂቃ ብንዘገይ ገዳዩን ራሱ አንቆ ይዞት ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሟቹ በሥራ ጠረጴዛውና በወንበሩ መሀል በግንባሩ ተደፍቷል፤ የተመታው ከኋላ፣ በራሱ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ በጨርቅ ተጠራርጎ ወለሉ ላይ ተጥሏል። መሳቢያው አልተነካም። ግድግዳው ላይ አሥር ጠመንጃዎች ተደርድረዋል፤ አንድም አልጎደለም።

«ሌባ አይደለም» አለ ሳጅኑ። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው ሰው ነው፤ ቃል ይቆጥባል።

ዓይኔን የሳቡት ካርዶቹ ናቸው። በእያንዳንዱ ጠመንጃ ቃታ ላይ አንዳንድ ካርድ በክር ታስሯል። አንዱን ገልበጥ አድርጌ አነበብኩ፦ «ያዋጣል። መልኩ አስቀያሚ፣ ብረቱ ደህና።» ሌላው፦ «አያዋጣም። ዝገት በልቶታል። ባለቤቱ ግድግዳ ላይ ይስቀለውና በሰላም ይኑር።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ቁልፍ ቀራጩን።

«ፍርድ ነዋ። ሰውየው ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ሰው ጠመንጃ ‘አድስልኝ’ ብሎ ሲያመጣ ዝም ብሎ እሺ አይልም። መጀመሪያ ይፈታዋል፣ ይመረምረዋል፣ ከዚያ ያዋጣል ወይም አያዋጣም ብሎ ይጽፋል። አያዋጣም ካለ እግሩ ላይ ብትወድቂ አይነካልሽም።»

አሥራ አንደኛው ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እንጨቱና አፈሙዙ ወልቀው መሀለኛው ብረት ብቻ በሞርሳ ተነክሷል። አጠገቡ የሻማ ቁራጭና አንዲት ትንሽ ሞረድ አሉ። ክሩ ቃታው ላይ እንደታሰረ ነው፤ ካርዱ ግን የለም። በምላጭ ወይም በመቀስ ተቆርጦ ተወስዷል። እኔ ነገር ሲጎድል ነው የሚበላኝ። አሥር ካርድ ትቶ አንዱን ብቻ የሚወስድ ገዳይ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከበሩ ጀርባ ደግሞ ቀይ የሴት ጃንጥላ ተደግፎ ቆሟል። ከሱ የተንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶው ወለል ላይ ገና አልደረቀም። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ የከረመው ዝናብ የጀመረው ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ስለዚህ ጃንጥላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሥራ መዝገቡ ላይ ጠረጴዛው ላይ ስላለው ጠመንጃ እንዲህ ተጽፏል፦ «የሟች ባለቤቷ። ለሴት ልጇ ልትሰጠው። አፈሙዝ ይቀየር፣ ሰደፍ ይታደስ።» ከሥሩ የቤት ስልክ ቁጥር አለ። ጠመንጃ ጠጋኙ በሕይወቱ የመጨረሻውን ስልክ የደወለው ወደዚያ ቁጥር ነው፤ ሰኞ አሥራ አንድ ከአሥር ላይ፣ ለአራት ደቂቃ።

«ያቺ ሴትዮማ ባለፈው ሳምንት ተጣልታዋለች» አለ ቁልፍ ቀራጩ ሳይጠየቅ። «‘ሳልመረምር አልነካውም’ ሲላት ‘የባሌን ዕቃ ምን ሆነ ብለህ ነው የምትመረምረው’ ብላ አለቀሰች።»

*

ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጣቶቿ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ። ጃንጥላውን ሳሳያት ወዲያው አወቀችው።

«የኔ ነው። ምነው?»

«የት ነበር የተዉት?»

«ቤት፣ ከበሩ ጀርባ። ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ነበር፣ አልያዝኩትም። ማታ በስብሼ ነው የገባሁት።»

«ጠመንጃ ጠጋኙ በስልክ ምን አለዎት?»

«እኔ መቼ አናገርኩት? ሱቅ ነበርኩ፣ ብቻዬን።»

«ቤትዎ ውስጥ ያለ ሰው አራት ደቂቃ አናግሮታል።»

«በዚያ ሰዓት ቤት ማንም የለም። ልጄ ሰኞ ሰኞ የዒላማ ተኩስ ክለብ ናት።»

አለቃዬ ይህን ስነግረው ፊቱ በራ። ጠብ አለ፣ ስልክ አለ፣ ጃንጥላ አለ፣ ምስክር የለም። «ጃንጥላውን ደንግጣ ረስታው ነው በስብሳ የገባችው» አለ። «እስከ ዓርብ ጠዋት ሌላ ነገር ካላመጣሽ መዝገቡን በሷ ስም እልከዋለሁ።»

እኔ ልቤ አልቆረጠም። ሰው ገድላ ጃንጥላ የረሳች ሴት ‘የኔ ነው’ ከማለቷ በፊት ቢያንስ ምራቋን ትውጣለች። ግን ይህን ብዬ ለአለቃዬ ብነግረው ከሳቅ በቀር የማተርፈው የለም።

ልናስራት ስንል አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዋርሳዬ ጋ አድርሱልኝ። የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሱ ሌላ ሰው የለንም። እኔ ከታሰርኩ የሚያሳድጋት እሱ ነው።»

*

ዋርሳዋ ሳንጠራው በማግስቱ ራሱ መጣ፤ ለሴትየዋ ምሳና ሹራብ ይዞ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የተረጋጋ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ሰው ሲያየው ደስ የሚል ሰው መሆኑን መካድ አልችልም።

«ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ሱቄ። ዝናቡ ወደ ውስጥ ሲገባብኝ በሩን መለስ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም።»

«ጠመንጃ ጠጋኙን ያውቁታል?»

«በዓይኔም አይቼው አላውቅም። ጠመንጃው እሱ ጋ እንዳለም የሰማሁት ትናንት ከናንተው ነው። ቢያማክሩኝ ኖሮ እኔው ወስጄ አሠራላቸው ነበር።» የምሳውን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «የአባታችን ጠመንጃ ነው፤ ለታላቄ ነበር የተሰጠው። ከስድስት ዓመት በፊት የወንድሜ ቤት ሲቃጠል ሁሉም ነገር ነደደ፣ ወንድሜም አብሮ። እሷና ልጅቷ እናቷ ዘንድ ሄደው ነው የተረፉት። ያን ዕለት ጠመንጃውን ተውሼ አደን ወጥቼ ባልሆን ኖሮ ማስታወሻ እንኳ አይቀርም ነበር።»

«አዝናለሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ቶሎ ትቆጣለች። እንዲያው ብታውቁት ብዬ ነው። ልጅቷ እኔ ጋ ናት፣ ስለሷ አታስቡ።»

ሰውየው ከሄደ በኋላ ሳጅኑ «ምሳው ጥሩ ይሸታል» አለ። ከዚያ የበለጠ አስተያየት አልነበረውም።

*

ከካርዶቹ አንዱ ላይ «አያዋጣም» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተሠምሮበታል። የጠመንጃው ባለቤት የአደን መሪ ነው፤ ቁመቱ ከበሩ ይበልጣል። ቁልፍ ቀራጩ እንደሚለው፣ ሰውየው ባለፈው ሐሙስ «ጭንቅላትህን ነው የማድስልህ» ብሎ ዝቷል። ቤቱ ስንሄድ ጉንጩ አብጦ፣ ፊቱ በሻሽ ታስሮ አገኘነው።

«ሰኞ ማታ የት ነበርክ?» አልኩት።

መናገር ስላልቻለ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ «ጥርስ ሐኪም ጋ። ሁለት ነቀለ። አንዱ ደህናው ነበር።»

ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ከአሥር ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ወንበሩ ላይ እንደነበረና አራት ሰው ይዞት እንደነበረ አራቱም መሰከሩ። ደህናውን ጥርስ በተመለከተ ሐኪሙ መልስ መስጠት አልፈለገም። እኛም የመጣነው ለዚያ አልነበረም።

*

እንግዲህ የቀረኝ ያ የጎደለ ካርድ ነው። ካርዱን ማግኘት ካልቻልኩ የተጻፈበትን ማወቅ እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ብረቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሐሙስ ጠዋት ወደ መሣሪያ ክፍላችን ወረድኩ። እዚያ ያሉትን አዛውንት ሰው ሁሉ «ሞረድ» ይላቸዋል፤ በፊታቸው ግን ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ምን አመጣሽብኝ?»

«ጋሼ፣ ይሄ ጠመንጃ ቢሠራ ያዋጣል?»

«መርማሪነቱ ሰለቸሽና አዳኝ ልትሆኚ ነው?»

«የሞተው ሰውዬ ምን ብሎ እንደጻፈ ማወቅ እፈልጋለሁ። ካርዱን ሰው ወስዶታል።»

ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ መነጽራቸውን አወረዱ። «እንግዲያው እሱ በሄደበት መንገድ እንሂዳ። ሰው ጠመንጃ ሲያይ የሚያየው እንጨቱንና አፈሙዙን ነው። ሁለቱም ይቀየራሉ። ዋናው ይሄ ነው፤ ጥይት የሚጎርሰውና መቀርቀሪያው የሚቆለፍበት። እኔ ማጉረሻው እለዋለሁ። ሲተኮስ ያንን ሁሉ ፍንዳታ ከተኳሹ ፊት የሚያግደው እሱ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ሌላው ሁሉ ይሠራል። እሱ ካልሆነ ወርቅ ብትለብጪው ከንቱ ነው።»

ብረቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላበጡት። ጥቁር ቀለሙ እንከን የለውም፤ ቁጥሩ በግልጽ ይነበባል። መቀርቀሪያውን ሲስቡት ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ተንሸራተተ።

«እስካሁን ያዋጣል» አሉ።

ሻማ ለኮሱና የመቀርቀሪያውን ሁለት ጥርሶች በጥላሸት አጠቆሯቸው። ዘግተው ከፈቱት። ጥላሸቱ ከሁለቱም ላይ እኩል ተፍቋል። «ሁለቱም እኩል ይሸከማሉ። አንዱ ብቻ ቢሸከም ይሰበር ነበር። አሁንም ያዋጣል።» ሟቹ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ሻማ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ቀጥሎ ውስጡን ፈቱት። ትልቁን ሞላ ብድግ አድርገው አዩት። «ይሄ አዲስ ነው። ማን ቀየረው?» ከቃታው ሥር ያለችውን ትንሿን ሞላ በጣታቸው ጫን አደረጓት። ወደ ታች ወረደችና እዚያው ቀረች፤ አልተመለሰችም። «ሞላ በዕድሜ ይደክማል። እንዲህ ግን አይሞትም።»

ከዚያ ሞረዳቸውን አነሡ። እንጨቱ የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ ማንም የማያየው ጥግ ላይ፣ አዲስና የሚያበራ አንድ ጭረት ነበር። «ይቺ የሱ ናት። እዚህ ጋ ሞክሮታል። ደህና ማጉረሻ ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፣ አይዝም።» አጠገቡ ቀስ ብለው ሳቡበት። ሞረዱ ያዘ፤ ደቃቅ ብናኝ መዳፋቸው ላይ ረገፈ።

«በላው» አሉ። «ለስልሷል።»

«ምንድን ነው የሚያለሰልሰው?»

«እሳት። ፋብሪካ ውስጥ በእሳት ግሎ ዘይት ውስጥ ገብቶ ነው የሚጠነክረው። እንደገና እሳት ካገኘውና በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ ጥንካሬው ይሄዳል። መልኩን የሚመልስ ቀቢ ሞልቷል። ጥንካሬውን ግን ማንም ቀቢ አይመልሰውም።»

«የከሰል ምድጃ ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል?»

ትንሹን መብራት አበሩና የብሎን ቀዳዳ ውስጥ አሳዩኝ። ብርማ ነገር፣ እንደ እንባ ጠብታ ተንጠልጥሎ ደርቋል። በመርፌ ነካ አደረጉት። «አሉሚኒየም ነው። ቀልጦ ነው የገባው። የመስኮት ፍሬም ይመስለኛል። ልጄ፣ ይሄ ጠመንጃ የሰው ቤት ሲቃጠል ቤቱ ውስጥ ነበረ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አደን ላይ የነበረ ጠመንጃ የሚቃጠል ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

«ቢተኮስበትስ?» አልኳቸው።

«አንድ ሁለቴ ይታገሥ ይሆናል። ከዚያ መቀርቀሪያው ወደ ተኳሹ ዓይን ይመጣል። ለማን ነበር የሚሠራው?»

ስነግራቸው ሻማውን በጣታቸው አጠፉት። ልጅቷ ሁለት ሌሊት ያደረችው ጠመንጃውን ይዤ አደን ወጣሁ ባለው አጎቷ ቤት ነው። ወደ ላይ ሮጬ ሳጅኑን «ትምህርት ቤት ሂድና ልጅቷን አንተ አምጣት፤ ማንም ቢጠይቅ እናቷ ፈልጋት ነው በል» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ።

የስድስት ዓመቱን የቃጠሎ መዝገብ አስወጣሁ። ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሙ ጠመንጃውን ይዞ አደን ላይ እንደነበር ቃሉን ሰጥቷል። ጠመንጃውን እንዲያሳይ ተጠየቀ፤ ገጠር ትቼዋለሁ አለ። ከሰባት ሳምንት በኋላ አምጥቶ አሳየ። መርማሪው «ታይቷል» ብሎ ፈርሟል። እኔም ብሆን ያኔ በፈረምኩ ነበር፤ አዲስ እንጨትና አዲስ ቀለም ለብሶ ለመጣ ጠመንጃ ማን ሞረድ ይስብበታል።

የቀረኝ ሰኞ ስልኩን ማን እንዳነሣው ነው። ሴትየዋን ጠየቅኋት።

«የቤትዎ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔና ልጄ።» አሰብ አደረገች። «ዋርሳዬም አለው። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ እሱ ነው የሚሠራልን።»

*

ሐሙስ ከሰዓት ዋርሳዋን ከቢሯችን ጀርባ ወዳለው የተኩስ መለማመጃ ወሰድኩት። ጠመንጃው ተገጣጥሞ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሦስት ጥይት። ጋሼ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆመዋል። ጥይቶቹ ባሩድ እንደሌላቸው የምናውቀው እኔና ጋሼ ብቻ ነን።

«የወንድምዎን ሚስት ለመፍታት ትንሽ ነገር ቀርቶናል» አልኩት። «ጠመንጃው እንደሚሠራ መዝገብ ላይ ማስፈር አለብን። እርስዎ አድነውበታል፤ ሦስቱን ይተኩሱልን።»

«ትከሻዬን ያመኛል።»

«አንዴ ብቻ ይሁን።»

«ከአደን ከራቅኩ ቆየሁ። ሌላ ሰው ይሻላል።»

«እንዲያውም ደህና አሉኝ። ልጅቷ እዚህ ናት፤ ክለቡ ውስጥ ከሷ የሚስተካከል የለም ይላሉ። የአባቷም ጠመንጃ ነው።» ወደ በሩ ዞርኩ። «ሳጅን፣ ልጅቷን ጥራልኝ።»

ሳጅኑ መሄድ ጀመረ። ሰውየው መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ጠመንጃውን፣ ከዚያ በሩን። ሳጅኑ የበሩን እጀታ ሲይዝ ሰውየው እጁን ጠመንጃው ላይ ጫነ።

«አይሆንም። እሷ አትነካውም። ፊቷ ላይ ይፈነዳባታል።»

ሳጅኑ ቆመ።

«ማን ነገረዎት?» አልኩት።

«አሮጌ ነው። አሮጌ ጠመንጃ…»

«እኒህ ሰውዬ አርባ ዓመት የሠሩበት ናቸው፤ እስኪሞርዱት ድረስ ያዋጣል ሲሉ ነበር። የሚፈነዳ መሆኑን ቀድሞ ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ሞቷል፣ ካርዱም ተወስዷል። ሰኞ ስልኩን ያነሡት እርስዎ ነዎት።»

እጁን ከጠመንጃው ላይ አላነሣም።

«ቧንቧውን ልሠራ ገብቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስልኩ ጮኸ፣ አነሣሁት። ‘ይሄ ቤት ውስጥ የተቃጠለ ነው፣ ፊት ላይ ይፈነዳል፣ ለልጅ አይሰጥም፣ ነገ ለእናቷ እነግራታለሁ’ አለኝ። ጃንጥላውን ከበሩ ጀርባ አንሥቼ ሄድኩ። አያዋጣም ብቻ በላት፣ እሳቱን ተወው ብዬ ለመንኩት። ‘የመረመርኩትን ነው የምጽፈው’ አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ። ዘንጉን አነሣሁ፤ ካርዱን ቆርጬ ስወጣ ጃንጥላውን ረሳሁት።»

«ወንድምዎስ?»

«ስለ አባታችን ቤት ተጣላን። ገፋሁት፣ ወደቀ፣ አልተነሣም። እሳቱ ሁሉን ይሸፍናል ብዬ ነው። አደን ላይ ነበርኩ ስላልኩ ጠመንጃውን ማሳየት ነበረብኝ፤ ከአመዱ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። ከላይ ካማረ ያለቀ መስሎኝ ነበር።»

«መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ወንዝ ውስጥ መጣል ይችሉ ነበር። ለምን ለነሱ ሰጡት?»

ጥያቄው የገረመው መሰለ። «የአባቷ ነዋ» አለ።

*

ሴትየዋን ከታሰረችበት አስወጥቼ ቢሮዬ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ይህን ሥራ ስጀምር ሰውን ነፃ ማውጣት ደስ ይላል ብለውኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አላለቀሰችም።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ያመላለሳት እሱ ነው» አለች። «ስትታመም ሆስፒታል አብሮኝ ያደረው እሱ ነው።»

«ለልጅቷ እኔ ልንገራት?» አልኳት።

«አይ፣ እህቴ። እኔ እነግራታለሁ።»

ሳጅኑ ልጅቷን አመጣት። ቁመቷ ከእናቷ በልጧል፤ ተጠምጥማ እናቷ ትከሻ ላይ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ወደ ኮሪደሩ አየች፤ አንድ ሰው ትጠብቅ ነበር።

«አጎቴስ?» አለች። «አንቺን ሊያስፈታ እዚህ መጥቷል ብለውኝ ነበር።»

ሳጅኑ ጫማውን አየ። እናትየው የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«አዎ፣ ያስፈታኝ እሱ ነው» አለቻት። «ነይ እስቲ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ።»

እኔና ሳጅኑ በሩን ዘግተን ወጣን።